ወንድሜና እህቴ በጋዛ ጦርነት ተኳረፉ፤ የአባታችን ሙት ዓመት ደግሞ ደረሰ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባታችን ሙስሊም ነበር፣ እናታችን ኦርቶዶክስ ናት። እንደ ብዙው የወሎ ቤት ተደባልቀን ነው ያደግነው። እኔ በእናቴ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፤ ታናሽ እህቴ በአባቴ ወጥታ ትሰግዳለች። ታላቅ ወንድማችን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ከገባ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ እዚያ ጴንጤ ሆነ። እህቴ ጅዳ ትሠራለች። በሃይማኖት ምክንያት እኛ ቤት አንድም ቀን ድምፅ ከፍ ብሎ አያውቅም ነበር።

የተበላሸው በቤተሰብ የዋትሳፕ ግሩፓችን ነው። ጦርነቱ እንደጀመረ ወንድሜ የፕሮፋይል ፎቶውን የእስራኤል ባንዲራ አደረገው። እህቴ ምንም አላለችም። አንድ ሌሊት ግን ከፍርስራሽ ሥር የወጣ ሕፃን ፎቶ ላከች። ወንድሜ ከሥሩ «የሚባርኩህን እባርካለሁ፣ የሚረግሙህን እረግማለሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እሷ እያለቀሰች በድምፅ መለሰች፤ መጨረሻ ላይ «አይሁድን ሂትለር ነበር የሚያውቅባቸው» አለች። እሱ «ከአሸባሪ ደጋፊ ጋር አልነጋገርም» አለ። እሷ ከግሩፑ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። አባታችንም በዚሁ መሀል አረፈ።

በጥር ሙት ዓመቱ ነው። ሰደቃ እናወጣለን፤ ሁለቱም እንመጣለን ብለዋል። ሁለቱም ግን ለየብቻ ደውለው «ይቅርታ ካልተጠየቅሁ ፊት ለፊት አልቀመጥም» አሉኝ። እማዬ ደም ግፊት አለባት፤ ማታ ማታ ታለቅሳለች። የ14 ዓመቱ ልጄ ደግሞ «እማ፣ ማን ነው ልክ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። እኔም ራሴ «እስራኤል» ሲባል ልቤ ይሸፍታል፤ የልጆቹን ሬሳ ሳይ ደግሞ እህቴ ናት ልክ እላለሁ። ሽማግሌ ልላክ? ዝም ብዬ ልለፈው? ምን ይሻለኛል?

መካከል ላይ የቆመችው

---

ውድ እህቴ፣

አባትሽ ልጆቹ ሳይታረቁ ማረፉ ከሁሉ በላይ የከበደሽ ይመስለኛል፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንድ አጭር መስመር ሰጥተሽው አልፈሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጠይቅሽ፦ ጥር ላይ ማየት የምትፈልጊው ምንድን ነው? ሁለቱ ስለ ጦርነቱ ሲስማሙ ነው ወይስ በአባታቸው ሰደቃ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ? የመጀመሪያው ባንቺ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ግን ይቻላል፤ የምሰጥሽ ምክርም ወደዚያ የሚያደርስ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ወንድምሽና እህትሽ ስለ ጋዛ ተከራክረው አያውቁም። እሷ ሬሳ አሳየች፣ እሱ ጥቅስ ጻፈ፤ እሷ ስድብ መለሰች፣ እሱ ስም ለጠፈባት። ስለ ድንበሩ፣ ስለ ታጋቾቹ፣ ስለ ከበባው አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እያንዳንዱ ከሌላው አፍ የሰማው «ያሳደገሽ እምነት፣ ያሳደገህ እምነት ከንቱ ነው» የሚል ነው። ቁስሉ እዚህ ስለሆነ በቁጥርና በዜና አይድንም።

ከቃላቱ ልጀምር፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሳናስተውል የምንወድቅበት ጉድጓድ እዚያ ነውና። «እስራኤል» የሚለው ቃል ወደ ጆሯችን የገባው በዜና አልነበረም። በቅዳሴ፣ በመዝሙረ ዳዊት፣ በአያት ጨዋታ ነው የገባው። ከእናንተ በስተ ሰሜን፣ ላሊበላ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ስሙ ዮርዳኖስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቆጥር ነበር። ልብሽ «ይሸፍታል» ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው፤ ልታፍሪበት አይገባም። «አይሁድ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያው በእኛው አፍ ሌላ ጠረን አለው። በሰሙነ ሕማማት ሲነበብ የምንሰማው የክስ ስም ነው። አንድ ሕዝብ በአማርኛ ሁለት ስም አለው ማለት ነው፤ አንዱ የተባረከ፣ አንዱ የተከሰሰ። ወንድምሽ የመጀመሪያውን መረጠ፣ እህትሽ በንዴቷ ሁለተኛውን። ሁለቱም ዛሬ በአሽቀሎን ወይም በቴል አቪቭ ስለሚኖር፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ስለሚገባ ሰው እየተናገሩ አልነበረም።

ሦስተኛው ቃል «ፍልስጤም» ነው። ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ጆሮ ወዲያው «ፍልስጥኤማዊው ጎልያድ» የሚለውን ይጠራል። ብዙ ቅን ሰው የዛሬዎቹን ፍልስጤማውያን የጎልያድ ዘር አድርጎ የሚያስበው በዚህ የስም መመሳሰል ነው። የጥንቶቹ ፍልስጥኤማውያን ከባሕር ማዶ መጥተው በዳርቻው የሰፈሩ ሕዝብ ነበሩ፤ ክርስቶስ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እንደ ሕዝብ ጠፍተዋል። ስሙን በአገሪቱ ላይ መልሰው የተከሉት ሮማውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ135 ገደማ የአይሁድን ዓመፅ ከደመሰሱ በኋላ። የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን ዓረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሙስሊም ሲሆኑ በመካከላቸው ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያኖች አሉ። በቤተልሔም ልደትን የሚያከብሩት፣ ጋዛ ከተማ ውስጥ በቅዱስ ፖርፊርዮስ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱት እነሱ ናቸው። ያ ቤተ ክርስቲያን ግቢው በጥቅምት 2023 በአየር ድብደባ ተመትቶ ተጠልለው ከነበሩት ውስጥ 18 ሰዎች ሞተዋል። የፍልስጤም ሕዝባዊ ግንባር የተባለውን የታጠቀ ድርጅት የመሠረተው ጆርጅ ሐበሽም ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደ ነበር። ወንድምሽ ነገሩን የክርስቲያንና የሙስሊም ጦርነት አድርጎ ከያዘው ያልታየው ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ እሱ ላይ እንድትወረውሪው አይደለም። በልብሽ ያዢው። ሰው በክርክር የተረታ ሲመስለው ጥቅሱን አጥብቆ ይይዛል።

ወንድምሽ የጻፈው ቃል ዘፍጥረት 12፥3 ነው፤ እግዚአብሔር ለአብርሃም የተናገረው። አሁን ባለው መንግሥት ላይ እንዴት እንደተተከለ ማወቅሽ ይጠቅምሻል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጆን ኔልሰን ዳርቢ የተባለ ሰባኪ፣ አይሁድ ወደ ምድራቸው መመለሳቸው የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው የሚል የአተረጓጎም መንገድ አስፋፋ፤ በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስም ትምህርቱን በአሜሪካ አጥቢያዎች ውስጥ አሰረጸው። በዚህ ንባብ ያደገ ሰው እ.ኤ.አ. የ1948ን የእስራኤል መንግሥት ምሥረታ የሚያየው ትንቢት ሲፈጸም ነው። በእናትሽ ቤተ ክርስቲያን ግን «እስራኤል ዘሥጋ» እና «እስራኤል ዘነፍስ» ተለይተው ይነገራሉ፤ ተስፋው ያረፈው በሚያምኑት ላይ ነው ይባላል። አይሁድ ራሳቸውም አንድ አይደሉም፤ መሲሑ ሳይመጣ መንግሥት ማቆም ኃጢአት ነው የሚሉ አጥባቂዎች አሉ፣ ምድሩ በሙሉ የተሰጠን ነው የሚሉም አሉ። ወንድምሽ የያዘው በክርስትና ውስጥ ካሉት ንባቦች አንዱ ነው፤ በቅንነት ነው የያዘው። ሲጽፈውም «እኔ የእግዚአብሔርን ቃል ነው የጠበቅሁት» ብሎ አስቦ ይሆናል።

አንድ ጥቅስ ግን ቢነበብለት ደስ ይለኛል፤ ካንቺ አፍ ሳይሆን ከራሱ መጽሐፍ። አሞጽ 9፥7። እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ቀጥሎም እስራኤልን ከግብጽ እንዳወጣ ሁሉ ፍልስጥኤማውያንንም ከከፍቶር ያወጣ እሱ መሆኑን ይናገራል። ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና ፍልስጥኤም በአንድ ቁጥር ውስጥ! ቨርጂኒያ ለሚኖር የወሎ ልጅ ከዚህ የቀረበ ጥቅስ አላውቅም። ስትልኪለት ምንም አስተያየት አትጨምሪበት። «ይህን አነበብኩ፣ አንተ እንዴት ትረዳዋለህ?» ብቻ በይው።

ወደ እህትሽ ልምጣ። ለእሷ ኢየሩሳሌም አልቁድስ ናት። ሙስሊሞች ወደ መካ ከመዞራቸው በፊት ይሰግዱ የነበረው ወደዚያች ከተማ ነበር፤ ከሂጅራ በኋላ እንኳ ለ16 ወይም ለ17 ወር። በእስራእና ሚዕራጅ ሌሊት ነቢዩ ወደ አል አቅሷ መስጊድ ተጉዘው ከዚያ ወደ ሰማይ እንደወጡ ታምናለች። እናንተ ሰፈር በመንዙማ ሲወደስ የሰማሽው ነው። አሁን ደግሞ ጅዳ ናት። ቀኑን ሙሉ የዓረብኛ ዜና በተከፈተበት፣ ፍልስጤማዊ ስደተኛ ጎረቤት በሚገኝበት አገር። ለወንድምሽ 1948 ትንቢት የተፈጸመበት ዓመት ነው፤ ለእነዚያ ጎረቤቶች «ነክባ» ነው። ወደ 700,000 ሰዎች ከቤታቸው የተፈናቀሉበት፣ ብዙዎች የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው ወጥተው ያልተመለሱበት ዓመት። ስደተኛ ሆና የሰው ቤት የምታድር እህትሽ ይህን ታሪክ ስትሰማ ምን ይሰማት ይሆን? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

እንዲህም ሆኖ በድምፅ የላከችው ዓረፍተ ነገር በኀዘን አይሸፈንም። ሂትለር የገደላቸው 6 ሚሊዮን አይሁድ ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ሕፃናት ነበሩ፣ እሷ በፎቶ እንዳየችው ዓይነት ሕፃናት። ንግግሯ በራሷ እንባ ላይ ነው የተነሣው። የወንድምሽም ጥቅስ እንዲሁ፤ ቃሉ ቅዱስ ቢሆንም በሕፃን ሬሳ ሥር የተጻፈ ጊዜ እርግማን ሆነ። እኔን ብትጠይቂኝ ሁለቱም ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር አለ፤ ይቅርታው ግን ስለ እምነታቸው ወይም ስለ አቋማቸው አይደለም። እሱ ስለ አንድ ጥቅስና ስለ «አሸባሪ ደጋፊ»፣ እሷ ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር። ጉዳዩን እዚህ ልክ ድረስ ካጠበብሽው ሁለቱም ሊሸከሙት ይችላሉ። «አቋምህን ተው» ከተባለ ግን አንዳቸውም አይመጡም።

ሽማግሌ ልላክ ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው ይቆይ እላለሁ። ሽምግልና ለመሬት፣ ለትዳር፣ ለገንዘብ ይሠራል፤ ማን በደለ ተብሎ ይመረመራል፣ ካሳ ይቆረጣል። እዚህ ግን ሽማግሌው ራሱ ከሁለቱ በአንዱ ኢየሩሳሌም ያደገ ነው። ሼሁ ቢመጡ ወንድምሽ፣ ቄሱ ቢመጡ እህትሽ ገና ከደጃፍ ተፈርዶብኛል ትላለች። እናትሽንም አስታራቂ አታድርጊ። ደም ግፊቷ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ ሁለቱ በእሷ እንባ ተገደው ቢሳሳሙ እንግዳው ሲሄድ ተመልሰው ይኳረፋሉ።

በስልክ ጀምሪ፤ ለየብቻ። በጽሑፍ አይሁን፣ የተበላሸውም በጽሑፍ ነው። በመጀመሪያ ለእህትሽ ደውዪ፤ ከግሩፑ የወጣችው፣ በአባቷ ለቅሶ ጊዜ እንኳ ከወንድሟ ድምፅ ያልሰማችው እሷ ናት። ሰዓታችሁ አንድ ስለሆነ ሥራ ጨርሳ ብቻዋን የምትሆንበትን ጠይቂያት። ለወንድምሽ ቅዳሜ ጧት ይሻላል፤ እሱ ጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ደሴ ላይ በጥር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከስብከት ወይም ከጁምዓ በወጡበት ሰዓት አትደውዪ፤ ሰው የሰማው ገና አልበረደለትም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዢ። «ኢየሩሳሌም ስትል (አልቁድስ ስትዪ) መጀመሪያ የሚታይህ ምንድን ነው?» «ከዚህ ጦርነት እንቅልፍ የነሳህ የትኛው ነገር ነው?» «እሷ (እሱ) ስላንተ ያልገባት ምንድን ነው ትላለህ?» ከዚያ አድምጪ። መልሱን አታርሚ። «ግን እኮ» የሚለው ቃል ከአፍሽ ከወጣ ጥሪው ያኔ አለቀ።

ወንድምሽ ስለ መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊያነሳ ይችላል፤ ሐማስ ወደ እስራኤል ዘልቆ ወደ 1,200 ሰዎች የተገደሉበት፣ 251 የታገቱበት ቀን። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንም በዚያ ጦር ውስጥ እንዳሉ ይነግርሽ ይሆናል፤ ልክ ነው። አበራ መንግሥቱንም ሊጠራ ይችላል፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ጋዛ ተሻግሮ ከአሥር ዓመት በላይ ተይዞ በየካቲት 2025 የተለቀቀውን ኢትዮጵያዊ ተወላጅ። እህትሽ ደግሞ የጋዛን ሙታን ታነሳለች፤ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር ከ60,000 በላይ ቆጥሯል፤ ቆጠራው ታጣቂና ሰላማዊ ሰው ባይለይም ብዙ ሺህ ሕፃናት አሉበት። ሁለቱም የሚነግሩሽ የሆነ ነገር ነው። ለእያንዳንዳቸው «አዎ፣ ይህ ሆኗል፤ አሳዝኖኛል» በያቸው። ወዲያው «በሌላ በኩል ግን» ብለሽ የሌላውን ሙት አትጥሪ። ብዙ አስታራቂ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ሚዛን እየጠበቀ ይመስለዋል፣ የሰሚው ጆሮ ግን «የአንተ ሙት ብዙ አይደለም» ይሰማል። ሁለቱ ኀዘን በየተራው ይነገር፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይታሰር።

ሁለተኛው ጥሪ ከሳምንት በኋላ ይሁን። ያኔ ስለ ይቅርታው አንሺ፤ ቃሉን አጭር አድርገሽ ስጫቸው። ለእሱ «በልጁ ፎቶ ሥር ያንን መጻፌ፣ አንቺንም ያልኩሽ ስህተት ነው» የሚል፤ ለእሷ «ስለ ሂትለር ያልኩትን መልሼዋለሁ» የሚል። ከዚያ በላይ አትጠይቂ። ቀድሞ የሚልከው ማን እንደሆነ ክርክር ከተነሣ በተመሳሳይ ሰዓት እያንዳንዱ ወዳንቺ በድምፅ ይላክና አንቺ አስተላልፊው። እኛ አገር መካከል ላይ የሚቆም ሰው ሥራው ይኸው ነው።

ግሩፑን በሚመለከት፣ ስሙን በአባታችሁ ስም ቀይሪውና እህትሽን መልሰሽ ከማስገባትሽ በፊት አስፈቅጃት። አንድ ሕግ ይበቃል፦ ስለ ጦርነቱ ምንም አይለጠፍ፣ ከሁለቱም ወገን። ምክንያቱንም ንገሪያቸው፦ እማዬ ታየዋለች። ወሬው መነገር ካለበት ሁለቱ በስልክ ያውሩት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጦርነቱ እንደጀመረ ከሶርያ ጦርነት የቀሩ የቆዩ ፎቶዎች የጋዛ ተብለው፣ የጋዛዎቹ ደግሞ «ተዋናይ ናቸው» ተብለው በብዙ ቋንቋ ዞረዋል። ልጅሽ ስልክ ላይ ፎቶውን ተጭኖ በጉግል የምስል ፍለጋ መቼና የት መጀመሪያ እንደወጣ ማየት ይችላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሱ ለቤቱ ቢያስተምር ደስ ይለዋል።

ስለ እሱ ጥያቄ ዝም አትበዪ። 14 ዓመት ዝምታ የሚገባው ዕድሜ አይደለም፤ ዝም ካልሽው ቲክቶክ ይመልስለታል። «ማን ነው ልክ?» ሲልሽ በመጀመሪያ ጥያቄውን ከፋፍዪለት፦ ስለ የትኛው ቀን፣ ስለ የትኛው ሰው፣ ስለ የትኛው ድርጊት ነው የምትጠይቀኝ? ከዚያ አራት ስም ይለይ፤ አይሁድ፣ የእስራኤል መንግሥት፣ ፍልስጤማውያን፣ ሐማስ። የአንዱን ሥራ በሌላው ላይ እንዳይጭን። ወረቀት ላይ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር አብራችሁ ጻፉ። 1947 የተባበሩት መንግሥታት ምድሩን ለሁለት እንዲከፈል ወሰነ፤ ኢትዮጵያ ያኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። 1948 እስራኤል ተመሠረተች፣ ፍልስጤማውያን ተፈናቀሉ። 1967 እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ዌስት ባንክንና ጋዛን ያዘች። 1993 እስራኤልና የፍልስጤም መሪዎች የተፈራረሙት የኦስሎ ስምምነት። 2005 እስራኤል ከጋዛ ሰፋሪዎቿንና ወታደሮቿን አስወጣች፤ 2007 ሐማስ ጋዛን ተቆጣጠረ፣ ከበባው ጠነከረ። 2023 የምታውቁት። በየዓመቱ አጠገብ «ያን ቀን ማን አለቀሰ?» ብሎ ይጻፍ። አንዳንዱ ዓመት አጠገብ ሁለት መልስ ይኖራል።

ንጹሕን ሰው መግደል ስህተት መሆኑን ግን አታድበስብሺበት፤ ገዳዩ ማንም ይሁን። ከሁለቱም አያቶቹ መጽሐፍ የሚያጸናው ነገር አለሽ። ቁርኣን 5፥32 አንዲትን ነፍስ ያለ ጥፋት የገደለ ሰዎችን ሁሉ እንደገደለ፣ ያዳናትም ሁሉን እንዳዳነ ይናገራል፤ አንቀጹ የሚጀምረው ደግሞ ይህ በእስራኤል ልጆች ላይ የተጻፈ መሆኑን በመናገር ነው። በአይሁድ የቃል ሕግ በሚሽናም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። እናትሽ ደግሞ አሥርቱን ትእዛዛት በቃሏ ታውቃለች፤ እሷ ትንገረው።

የሰደቃው ቀን። እንግዳው ከመብዛቱ በፊት፣ ሁለቱ ከየአየር ማረፊያው መጥተው ባረፉ ማግስት፣ ጧት፣ አንቺና እነሱ ብቻ ወደ አባታችሁ መቃብር ሂዱ። መኪና ውስጥ እንዲያወሩ አትገፋፊ። እህትሽ ፋቲሓ ትቅራ፤ ወንድምሽ በልቡ ይጸልይ፣ አሜን እንዲል አታስገድጂው። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ሥራ ስጫቸው። እናንተ ቤት ድግስ ሲኖር እርዱ ሁለት ቦታ፣ ድስቱም ለየብቻ እንደሆነ መገመት አያቅተኝም፤ የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ እንግዳው ግን ባንድ ድንኳን። የሙስሊሙን በሬ የሚያስመርጠው ወንድምሽ ይሁን፤ የክርስቲያን እንግዶቹን ሥጋ የሚያሰናዱትን ሴቶች ሂሳብና ቅመም የምትይዘው እህትሽ። ሁለቱም እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅነት ያውቁታል፤ እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ይላላል።

ከሁለቱ አንዱ ይቅርታውን እምቢ ቢልስ? ያኔ ፊት ለፊት አታስቀምጫቸው፤ አንዱን በወንዶቹ በኩል፣ አንዷን በሴቶቹ በኩል አድርጊ፣ ማንም አያስተውልም። ሰላምታውን ግን አትተዪው፤ «በአባታችሁ ቤት እጅ ትነሣሣላችሁ» ማለት እንደ እህት የምትችዪው ነው። ዱዓው ሲጀመር ከተቀመጠው ሰው አንዱ ስለ ፍልስጤም ዱዓ እንዲደረግ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጎረቤቱ ሙስሊም ነውና ተገቢ ነው። ወንድምሽ ይህን ከመስማቱ በፊት ካንቺ ይስማው። ዱዓውን የሚመሩትን ሼህም ቀድመሽ አነጋግሪያቸው፦ ለሚያለቅሱት እናቶች ሁሉ እንዲለምኑ። መዝሙር 122 «ለኢየሩሳሌም ሰላም ለምኑ» ይላል፤ ወንድምሽም ያውቀዋል።

እህትሽ ጋ ከመደወልሽ በፊት አንድ ማታ ብቻሽን ተቀመጪና ሦስቱን ጥያቄዎች ለራስሽ፣ መካከል ላይ ለቆምሽው፣ አቅርቢ። ኢየሩሳሌም ስትዪ የሚታይሽ ምንድን ነው? እንቅልፍ የነሳሽስ? መልስሽን ብትጽፊልኝ አነበዋለሁ።